የአባቴ ክላሽና የሃምሳ አለቃው ቅዳሜዎች

አባቴ ከሞተ ሰባት ወር እስኪሆነው ድረስ ክላሹን ከተሰቀለበት ያወረደው ሰው አልነበረም። እናቴ ከምትተኛበት መደብ በላይ፣ ግድግዳው ላይ በተተከለ የወይራ ካስማ በማነገቻው ተንጠልጥሎ ነበር። አቧራ ሲይዘው በጨርቅ እወለውለዋለሁ፤ ከዚያ በቀር ዞር ብሎ ያየው የለም።

እኛ ሦስት ልጆች ነን። ታላቅ ወንድሜ ደሴ ሱቅ አለው፣ ታናሹ አዲስ አበባ ሾፌር ነው። እኔ መካነ ሰላም አቅራቢያ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ከባሌ ከተለያየሁ ወዲህ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ስለዚህ ከብቱም፣ እርሻውም፣ ጠመንጃውም እኔው ላይ ቀረ።

ቤታችን ከከተማው በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ይርቃል፤ ደጋው አልቆ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። አገሩ ገብስና ባቄላ ያበቅላል፣ ጉሙም ብዙ ነው። እኛ ዘንድ የከብት ሌባ የሚፈራው ለዚህ ነው፤ በሬ አንዴ ገደሉን ከወረደ ዱካውን የሚያገኘው የለም። በዚያ ዓመት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከጎረቤቶቻችን የሁለቱ በሬዎች ተነዱ። አንደኛው ባለቤት ተከትሎ ወርዶ ራሱን ተፈንክቶ ተመለሰ።

ታላቅ ወንድሜ በስልክ፣ "ሽጪው" አለኝ። "ሴት ልጅ ክላሽ ምን ያደርግላታል? ለሚችልበት ሰው ይሁን።"

"የሚችልበት ሰው መጥቶ በሬዎቹን ይጠብቅልኛል?" አልኩት።

እሱም ስለ እናቴ ጤና ጠየቀኝ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ጠመንጃው የተመዘገበው በአባቴ ስም ስለነበር ወደ ወረዳው ሄድኩ። ወራሽነቴን የሚያሳይ ወረቀትና የቀበሌ ደብዳቤ ይዣለሁ። መዝጋቢው ጎልማሳ ሰው ነው። ወረቀቶቹን አገላብጦ አየና ቀና አለ።

"በአንቺ ስም ነው የሚዞረው?"

"አዎ።"

"መተኮስ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። "እዚህ ከሚመጡት ወንዶች ግማሹም አያውቅም፤ አላውቅም ብሎ የነገረኝ ግን የለም" አለ። ከዚያ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር ንብ የሚያረቡ፣ ጡረታ የወጡ አንድ ሃምሳ አለቃ እንዳሉ ነገረኝ። "ወረቀቱ እስኪያልቅ እሳቸው ዘንድ ተማሪ። ካልተማርሽ ግን ወንድምሽ እንዳለው ሽጪው" አለኝ። ወንድሜ ያለውን የነገርኩት እኔው ነኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ክላሹን በጋቢ ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ከመውጣቴ በፊት እናቴን ጠይቄአት ነበር። "ባዶ ነው፤ አባትሽ ከሞተ ማን ነካው?" አለችኝ። ካዝናውም አልተሰካም፤ ለብቻው ከረጢት ውስጥ ነበር። መንገድ ላይ አንዲት ጎረቤቴ አገኘችኝና እየተጫወትን ብዙ ሄድን። አፈሙዙ ወዴት እንደሚያይ ልብ አላልኩም። አሁን ሳስበው አብዛኛውን መንገድ የሚያየው ወደ እሷ ጆሮ ግንድ ነበር።

ሃምሳ አለቃው ግቢያቸው ውስጥ ካለው ግራር ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቀፎ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ግራ እጃቸው ሁለት ጣት የለውም።

"አፊያ ነዎት አባባ?"

"አልሃምዱሊላህ። ጋቢው ውስጥ ያለው ሕፃን ነው ወይስ ብረት?"

"ብረት ነው። መዝጋቢው ነው ወደ እርስዎ የላከኝ።"

"ባዶ ነው?"

"ባዶ ነው። ካዝናውም ለብቻው ነው።"

"ማን አለሽ?"

"እናቴ።"

ተነሡና ጆንያ አነጠፉ። አፈሙዙን ወደ አፈሩ ክምር አዙሬ እንዳስቀምጠው አዘዙኝ፤ ከኋላቸው እንድቆምም ነገሩኝ። ከዚያ በርከክ ብለው ማቀባበያውን ወደ ኋላ ሳቡት። አንዲት ጥይት ከውስጡ ተፈናጥራ ወጣችና ሣሩ ላይ ወደቀች።

አነሷትና መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ትዝ ያለኝ የታናሽ ወንድሜ ልጆች ናቸው። ለፋሲካ መጥተው ሦስት ቀን ሙሉ ያ መደብ ላይ ሲዘሉ ነበር የሰነበቱት። ትልቁ፣ "አክስቴ፣ አንዴ ብቻ ልንካው" ብሎ ለምኖኝ ነበር። ያኔ የከለከልኩት ይወድቅበታል ብዬ እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አልነበረም።

ሃምሳ አለቃው ውኃ አመጡልኝ። "በአባትሽ አትዘኚ" አሉ። "ሌባ ሲመጣ እንዳይዘገይ ብሎ አጉርሶ ሰቅሎት ይሆናል። ከዚያ ታመመ፣ ረሳው። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። አንቺ ግን ከዛሬ ጀምሮ ባዶ ነው የሚባል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። አይቻለሁ ነው የምትይው። ካላየሽ፣ ብረቱ ጎርሷል ማለት ነው።"

ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ጥይት አላስነኩኝም። ካዝናውን ማውጣት፣ ማቀባበያውን መሳብ፣ ውስጡን በዓይን ማየት፣ ቀጥሎም ትንሽ ጣት አስገብቶ መዳሰስ፤ ይኸው ነበር ትምህርቱ። ዓይን ይሸነግላል ይላሉ፤ ሲመሽ ወይም ሲደክም ያላየውን አየሁ ይላል። ስንት ጊዜ እንዳደረግሁት አላውቅም። ጣቴን ምላጩ ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር የማር መቁረጫ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ጠቅ ያደርጋሉ። ቀና ብዬ ሳያቸው ጣቴን ያያሉ፤ እኔም አነሳዋለሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ዘንጉ አንድ ጊዜም አልተሰማም።

በዚያ ቀን ስለ ጣቶቻቸው ጠየቅኋቸው። "የጦር ሜዳ ቁስል ነው?"

ቀፎውን ከጉልበታቸው አወረዱ። "ሰዉ እንደዚያ ይመስለዋል። ገበያ ስወጣ ቦታ ይለቁልኛል፤ እኔም ዝም እላለሁ። አንቺን ግን በውሸት ላስተምርሽ አልችልም። ጦር ሜዳ ሃያ ዓመት ኖሬ አንድም ቀን አልተነካሁ። ጡረታ ወጥቼ፣ እዚህ ደጄ ላይ፣ ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዤ ብረቴን እንደ ምርኩዝ ተደግፌው ነበር። እጄ አፈሙዙ ላይ ነው። ሰደፉ ድንጋይ ላይ ተንሸራተተ፣ ብረቱ ወደቀ፣ ጮኸ።" እጃቸውን አገላብጠው አሳዩኝ። "ጎረቤቴ ከዚያ ወዲህ እኔ ደጅ አይቀመጥም። ወላሂ፣ አልፈርድበትም።"

የሚያስተምሩትን ሁሉ ከዚያ ቀን በኋላ በሌላ ጆሮ ሰማሁት።

ለተኩሱ ቀን አስቀድመው ለቀበሌው አስታወቁ። በዚያ ሰሞን ተኩስ ተሰማ ማለት አገር መደናገጥ ነው፤ ሰው በሩን ይዘጋል፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይጣራሉ። ጎርፍ ወደ ቦረቦረው አንድ ሸለቆ ይዘውኝ ወረዱ። ከፊታችን ከሰው ቁመት ሦስት እጥፍ የሚሆን የቀይ አፈር ግድግዳ አለ። ሥሩ ቀዳዳ ጀሪካን አስቀመጡ።

"ከጀሪካኑ ኋላ ምን አለ?"

"አፈር።"

"ከአፈሩ ኋላስ?"

አላወቅሁም። ሽቅብ ወጥቼ እንዳይ ላኩኝ። እያለከለክሁ ወጣሁ፤ ላዩ ላይ የታረሰ ማሳ ብቻ ነው፣ ሰው የለም፣ ከብት የለም። ወርጄ ነገርኳቸው። "እንግዲያ አሁን ትተኩሻለሽ" አሉ።

አምስት ጥይት ነበር የፈቀዱልኝ። የመጀመሪያው ትከሻዬን እንደ በቅሎ እርግጫ መታኝ፤ ጆሮዬ ጭው አለ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሁለተኛው አፈሩን አጨሰው። በሦስተኛው ጀሪካኑ ተንከባለለ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ዞር ብዬ ሳያቸው እሳቸው የሚያዩት ጀሪካኑን ሳይሆን አፈሙዙን ነበር፤ ከእኔ ጋር አብሮ እንዳይዞር።

ከተኩሱ በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የማልረሳውን ነገሩኝ። "በሬ በሬ ነው። ለበሬ ብለሽ ሰው ብትገድዪ፣ ሕግ አለ፣ ደም አለ፣ ያንቺም እንቅልፍ አለ። ሊገድልሽ የመጣ ሌላ ነው። እሱንም ቢሆን መሸሽ ከቻልሽ ሽሺ። ወደ ሰማይ አትተኩሺ፤ የወጣው ይወርዳል። ጥይት ከወጣች ያንቺ ናት፤ የትም ትረፍ፣ ማንንም ታግኝ፣ ያንቺ ናት።"

መካነ ሰላም ካለ ብረት ቤት ረጅም የቆርቆሮ ሣጥን አሠራሁ፤ ቁልፉን እንደ ማተብ አንገቴ ላይ አሰርኩት። ጥይቱን ለብቻው፣ የተማሪዎቼን ፈተና በማስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩ። ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሳቀ። "ሌባው ቁልፍ እስክትፈልጊ ይጠብቅሻል?" የሒሳብ አስተማሪ ነኝና እየቆጠርኩ ሞከርኩት። መጀመሪያ ሁለቱን ሣጥን ከፍቼ፣ አጉርሼ በሩ ላይ እስክቆም ዘጠና ደረሰ። ሣጥኖቹን አቀራርቤ፣ በየማታው እየተለማመድኩ ወደ ሠላሳ አወረድኩት። እናቴ መደቧ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። "ይህ ነገር ጸሎት ሆነብሽ" አለችኝ አንድ ቀን።

ነሐሴ ገባ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ፍልሰታ ነው፤ እናቴ በየቀኑ ታስቀድሳለች። ነገሩ የሆነው በገበያ ቀን ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ። ጎረቤቱ ሁሉ ገበያ ወጥቷል። ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ ቤቱን ሸፍኖታል፤ ከደጃፉ ሃያ እርምጃ ርቆ ያለው ካብ እንኳ የሚታየው እንደ ጥላ ነበር። ሁለቱ በሬዎች ከካቡ ማዶ፣ ድንበሩ ላይ ታስረው ሣር ይግጣሉ። እኔ ቤት ውስጥ ባቄላ እለቅማለሁ።

ውሻችን ጮኸች፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ዝም አለች። ዝምታዋ ነው ያስደነገጠኝ። በሩ ላይ ወጥቼ አየሁ። ጉሙ ሳሳ ሲል ሦስት ሰዎች ታዩኝ። ሁለቱ ገመዱን ፈትተዋል፤ ሦስተኛው ጠመንጃ ይዞ ወደ ቤቱ ያያል።

እስከ ሠላሳ የምቆጥረው ነገር በዚያን ቀን ስንት እንደወሰደ አላውቅም። አንገቴ ላይ ያለው ቁልፍ ሁለት ጊዜ ከጣቴ አመለጠ። አጉርሼ ወጣሁና ጎንበስ ብዬ ካቡ ድረስ ሮጥኩ።

"በሬዎቹን ልቀቋቸው" አልኩ። ድምፄ ከራሴ የወጣ አልመሰለኝም።

"ግቢ አንቺ ሴትዮ። ከሰው ጋር ጠብ የለንም" አለ ባለጠመንጃው። ድምፁ የጎረምሳ ነው።

"በሬዎቹን ልቀቁና ሂዱ። እኔም ጠብ የለኝም።"

ጠመንጃውን ወደ እኔ አዞረ። እኔም ካቡ ላይ ደግፌ አነጣጠርኩበት። ደረቱን እያየሁት ነው፤ ርቀቱ ከጀሪካኑ አይበልጥም። ጣቴ ምላጩ ላይ ሳያርፍ ግን ያ የሸለቆው ጥያቄ መጣብኝ፤ ከኋላው ምን አለ? ከኋላው ጉም ነው። ከጉሙ ውስጥ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው መንገድ አለ። ቅዳሴው የሚያልቅበት ሰዓት ደርሷል።

በካቡ ሥር ጎንበስ ብዬ ወደ ግራ ተሳብኩ። አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ይሆናል፤ ለእኔ ግን ረጅም መንገድ ነበር። ከዚያ ቀና ስል ከፊቴ ያለው የድንበራችን ከፍታ፣ ጭቃ የሆነው የአፈር ግድግዳ ነው። ከሰዎቹ ራቅ አድርጌ እዚያ ጭቃ ላይ አንድ ተኮስኩ።

ድምፁ በጉሙ ውስጥ ከገደል ገደል እየተጋጨ ሄደ። ቀዩ በሬ ደንብሮ ገመዱን ከያዘው ሰው እጅ አስጣለና ወደ ቤቱ ሮጠ። ጥቁሩን እየጎተቱ ወደ ገደሉ ወረዱ። ባለጠመንጃው ትንሽ ቆመ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ተከተላቸው። አልተከተልኳቸውም። ከታች ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማኝ ነበር፤ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ያን ጊዜ እናቴ ከጉሙ ውስጥ ወጣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጠበሏን በትንሽ ላስቲክ ይዛ። ተኩሱን ስትሰማ መንገዱ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። የቆመችበትን ቦታ በኋላ ሄጄ አይቻለሁ። መጀመሪያ ካነጣጠርኩበት ከካቡ ጫፍ ተነሥቶ፣ ሰውየው በቆመበት ላይ አልፎ ቀጥታ መስመር ቢሰመር እሷ ዘንድ ይደርሳል። ሁለት ጊዜ ለካሁት። ከዚያ ወዲህ አልለካሁትም።

ጠመንጃውን ካቡ ላይ አስደግፌ አቀፍኳት። ወዲያው ከገበያ የተመለሱ ጎረቤቶች ግቢውን ሞሉት። ይህቺ ወንድ ናት አሉ። አንዱ፣ "በጣልሽው ኖሮ" አለ። ውሻዋን ካቡ ሥር በድንጋይ ተመትታ አገኘናት፤ ዳነች፣ አንድ ዓይኗ ግን ጠፋ። በዚያው ቀን ለቀበሌው ሚሊሻ ሄጄ የሆነውን ተናገርኩ። አንዲት ጥይት መተኮሴንና የት እንዳረፈች ጽፈው አስፈረሙኝ፤ ቀለሁንም ወሰዱት።

በቅዳሜው ሃምሳ አለቃው ዘንድ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ምስጋና ፈልጌ ነው የሄድኩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ወደ ግራ መሳቤን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲያበቃ ጠየቁኝ።

"ከተኮስሽ በኋላ ካዝናውን መቼ አወጣሽ?"

ማሰብ ጀመርኩ። እናቴን ያቀፍኩት ወዲያው ነው። ጎረቤቶች ሲገቡ ክላሹ ካቡ ላይ እንደተደገፈ ነው። አንሥቶ ቤት ያስገባልኝ አንዱ ጎረቤት ነው፤ በአፈሙዙ በኩል ይዞ፣ በሰው መሃል። ከተኩሱ በኋላ በራሷ የጎረሰችው ሁለተኛዋ ጥይት ያን ሁሉ ጊዜ ውስጡ ነበረች፤ ምላጩ እንዳይሳብ የሚያግደውን የጎን መቆለፊያም አልመለስኩትም።

"ማታ ነው ያወጣሁት" አልኳቸው።

"ከሌባው ጋር የሠራሽው ጥሩ ነው" አሉ። "ሰው የሚሞተው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው፤ አበቃ ሲል።" ከዚያ ተነሡና ማር ቆርጠው በሳህን አመጡልኝ። ሌላ አልተቆጡም። እኔ ግን ወደ ቤት ስመለስ፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ ጎረቤቴ ጠመንጃውን በአፈሙዙ ይዞ በሰው መሃል ሲያልፍ እየታየኝ ነበር።

ጥቁሩ በሬ አልተገኘም። ኅዳር ላይ ግን ሽማግሌዎች መጡ። ከሦስቱ ሌቦች አንዱ፣ ገመድ የያዘው፣ ከማዶ ቀበሌ የሚኖር አባወራ ነው። አንድ ዘመዱ ነገሩን አውጥቶበት፣ እሱም አምኖ ራሱ ሽማግሌ ላከ። ሁለቱ ግን ከአገር ጠፍተዋል። በበሬው ፈንታ ጊደር ይዞ መጣ። እናቴ ይቅር ብዬሃለሁ አለችው፤ ምሳም አቀረበችለት። ሲበላ ቀና ብሎ አያየኝም። ሊሄድ ሲነሣ ብቻ አጠገቤ ቆመ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሳትሰሚው ብቀር ይከብደኛል" አለ። "ያ ጠመንጃ የያዘው ልጅ ያኔ፣ ከካቡ ሥር ስትሳቢ አይቶሽ፣ ምላጩን ስቦ ነበር። ጥይቱ ከሸፈበት። ድጋሚ ሊያቀባብል ሲል ነው አንቺ የተኮስሽው።"

"ለምን ነገርከኝ?"

"እኔ እንጃ። ላንቺ የሚገባ መሰለኝ።"

አመሰገንኩት። ለእናቴ ይህን እስካሁን አልነገርኳትም። ለሃምሳ አለቃው ነግሬአቸዋለሁ። እንግዲህ ያላህ ሥራ ነው አሉና ስለ ሌላ ነገር አወሩ። እኔ ሌሊት ሌሊት ማሰቤን ለመተው እስከ ጥምቀት ድረስ ፈጅቶብኛል። የገረመኝ በልጁ አለመናደዴ ነው። የፈራ ጎረምሳ፣ ያልተጠረገ ጠመንጃ፣ አሮጌ ጥይት፤ ማንም አላስተማረውም ብዬ አሰብኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተናደድኩ።

በዚያው ሰሞን እናቴ አንድ ቀን ሣጥኑን እንድከፍት ጠየቀችኝ። "መተኮሱን አልፈልግም። ጥይት ማውጣቱን ብቻ አሳዪኝ" አለች። ጣቶቿ በቁርጥማት ታስረዋል፤ ማቀባበያው ጠንካራ ነው። ሰደፉን መሬት ላይ፣ ጉልበቷ መሃል አድርጋ፣ አፈሙዙን ወደ ምሰሶው አዙራ በሁለት እጇ ትስባለች። አፈሙዙን ወደ ራሷ ካመጣች እንደ ሃምሳ አለቃው መሬቱን ጠቅ አደርጋለሁ፤ "እኔን እንደ ተማሪሽ" ትለኛለች። ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ከቻለች በኋላ ክላሹን ዳግመኛ አልነካችውም።

ነገሩ በአካባቢው ተሰማ። ባለፈው ዓመት አራት ሰዎች እየመጡ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ሦስቱ ወንዶች ናቸው፤ አንዷ ባሏ የሞተባት፣ ጠመንጃ ሥራዋ የማይመስል ዝምተኛ ሴት ናት። ሃምሳ አለቃው ዓይናቸው ደክሞ ወረኢሉ ልጃቸው ዘንድ ስለሄዱ የሚያስተምር የለም። እኔም ያወቅሁትን ያህል አሳየኋቸው። ከወንዶቹ አንዱ ያለ ጥይት መለማመድ የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ በሁለተኛው ቀን ቀረ። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው መጣች።

ዘንድሮ ታላቅ ወንድሜ የመጀመሪያ ልጁን ዳረ። ሰርጉ እዚሁ፣ በአባታችን ግቢ እንዲሆን ፈለገ። ከሳምንት በፊት ደወለ።

"ክላሹን አዘጋጂው። ሙሽራዋ ስትወጣ አንድ ሁለት እንተኩሳለን፤ የአባባ ብረት ነው፣ ለእሱም ክብር ነው።"

"አይሆንም" አልኩት።

"አንድ ብቻ።"

"አንድም አይሆንም። ግቢው ሰው ይሞላል፤ ወደ ላይ የወጣው ወደ ታች ይመጣል።"

"ጎረቤቶቹ ሁሉ ሊተኩሱ አይደል እንዴ? የኛ ቤት ብቻ ዝም ሊል ነው?"

"የኛ ዝም ይላል።"

ተቆጣ። አስተማሪ ስለሆንሽ ሁሉንም እንደ ሕፃን ታያለሽ አለኝ፤ ሌላም ብዙ አለኝ። እስከ ሰርጉ ቀን አልደወለም። በሰርጉ ቀን ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነው፣ ቁልፉም አንገቴ ላይ። ሙሽራዋ ስትወጣ የሩቅ ዘመዶች ከግቢው ውጪ ሆነው አምስት ስድስት ጊዜ ተኮሱ። እልልታው ደመቀ። እኔ እናቴን ይዤ ጣሪያው ሥር ገባሁ፤ ያቺ ጠመንጃ ልትማር ስትመጣ የነበረችው ዝምተኛ ሴትም ሳልጠራት ልጆቿን ሰብስባ ተከተለችን።

ማታ ድንኳኑ ውስጥ ወንድሜ ሳህን ይዞ አጠገቤ መጣና ተቀመጠ። "አየሽ፤ ማንም አልተጎዳም" አለኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት።

ጠላ ቀዳልኝ። ስለ ሙሽራው ቤተሰብ፣ ስለ ደሴ ሱቁ፣ ስለ ዘንድሮ ዝናብ ስናወራ አመሸን።